ዚሩን የሚሞላው ሙት

ወልደሥላሴ በየዓርቡ ይገድለናል። አንዳንዴ ጉድጓድ ውስጥ ይጥለናል፣ አንዳንዴ ጣራ ይንድብናል፤ ባሰኘው ቀን ደግሞ ሰው የማይኖርበት ቤት ውስጥ አስገብቶ ከግድግዳ በሚወጣ ለቅሶ ያስበረግገናል። ሲጨርስ ዳይሱን ሰብስቦ ኪሱ ይከትና «በሉ፣ ሰላም ዋሉ» ብሎን ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ካርቱም ውስጥ፣ ዴም ሰፈር፣ በበቀለች ምግብ ቤት የጓዳ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ ፍሰሐ እባላለሁ፤ እዚህ ረክሻ የሚሏትን ባለ ሦስት እግር ባጃጅ እነዳለሁ፤ እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ።

ጨዋታው ሰሌዳ የለውም፤ ጠጠርም አይገፋበትም። አንዱ ዳኛ ሆኖ ታሪኩን ይነግራል፤ ሌሎቻችን የየራሳችንን ሰው ይዘን ታሪኩ ውስጥ እንገባለን። «በሩን ትከፍታለህ ወይስ ትሸሻለህ?» ይላል ዳኛው። እከፍታለሁ ያለ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ይወረውራል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣለት ይሳካለታል፣ ትንሽ ከወጣለት ወዮለት። እኔ ሌባ ነኝ። ልጄ ትንሣኤ፣ እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አስማተኛ ናት፤ አባቷን ከሞት ማዳን ትወዳለች፣ ማዳኗን ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ታወራለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት በቀለች ደግሞ በጨዋታው ጀምበሬ የምትባል ጎራዴ የታጠቀች ሴት ናት፤ ከጀምበሬ ፊት የቆመ አንድም ዘንዶ በሕይወት የለም።

ዳኛችን ወልደሥላሴ ቀለም ቀቢ ነው። ካርቱም ከገባ ሃያ ሰባት ዓመቱ ሲሆን ከዴም እስከ አል-ሳሃፋ፣ ከዚያም እስከ ጀብራ ያልቀባው ሰፈር የለም። ሰው ቤት ሲገባ ከባለቤቱ በፊት ግድግዳውን ሰላም የሚል ይመስላል፤ መዳፉን ያሳርፍበታል፣ ያሸተዋል፣ በጥፍሩ ጫር ያደርገዋል። ሰው ተነሥቶ ከሄደበት ቤት ሚስማሩ ይነቀላል፣ ሰው የሞተበት ቤት ሚስማር ግን እንደተመታ ይቀራል አለኝ አንድ ቀን፤ የሚሞት ሰው ሚስማር ለመንቀል ጊዜ የለውም። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሦስት ቀን የገዛ ቤቴን ሚስማሮች ስመለከት ሰንብቻለሁ።

ጨዋታውን ያገኘው ከአራት ዓመት በፊት ጀብራ ውስጥ ኒዕማ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ሲቀባ ነው። ልጇ ነጂብ ከጓደኞቹ ጋር ሳሎን ተቀምጦ ስለ አንድ ዘንዶ ሲከራከር ሰማ። ብሩሹን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ቀለሙ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱ ግን የዘንዶውን መጨረሻ ሳያውቅ አይንቀሳቀስም። ነጂብ ሳቀና ወንበር ሰጠው። ሥራው ያለቀ ቀን ከድካሙ ዋጋ ሌላ አንድ ከረጢት ዳይስና በኮምፒዩተር የታተመ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መጣ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ትንሣኤ አንብባ ወደ ዐረብኛ ትገለብጠዋለች፣ እሱ ከዐረብኛው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። በሦስት ቋንቋ ያለፈ ዘንዶ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ።

ከመጽሐፉ ሁሉ ልቡን የወሰደው አንድ ምዕራፍ ነው፤ የአደጋዎቹ። እዚያ ውስጥ ከጉድጓዱ፣ ከመርዝ ቀስቱና ከሚናደው ጣራ እኩል መንፈስ የሰፈረበት ቤትም ተመዝግቧል። እንዲህ ያለው መንፈስ አውሬ አይደለም ይላል መጽሐፉ፤ ጎራዴ አይቆርጠውም። እንደ ወጥመድ ነው የሚታየው፤ ምን ይቀሰቅሰዋል፣ ምን ያደርጋል፣ በምን ይበርዳል ተብሎ ይጠየቃል። የሚበርደውም ሙቱ ሳይጨርሰው የሄደውን ጉዳይ ያወቀና የጨረሰለት ሲገኝ ነው። ወልደሥላሴ ይህን ሲሰማ ይኼ እኔ ድሮም የማውቀው ነገር ነው ብሎ ፈነደቀ።

ችግሩ እኛ ነበርን። መጀመሪያ ያስገባን ቤት ውስጥ አንዲት ነፍስ ደረጃ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች መንገደኛ ታስቸግራለች። እንደ መጽሐፉ ከሆነ የጠፋ ቀለበቷን ከምድር ቤት ፈልገን መመለስ ነበረብን። በቀለች ግን ቀለበት የሚባል ነገር በሐሳቧም አልመጣ። ተዝካሯ ወጥቷል ወይ ብላ ጠየቀች። ወልደሥላሴ መጽሐፉን ቢያገላብጥ፣ ትንሣኤም ብታገላብጥ፣ ስለ ተዝካር አንድም ቃል የለም። አልወጣም መሰለኝ አለ። ታዲያ ምን ቀረ? ከሦስት ጨዋታ ያጠራቀምነውን ወርቅ አውጥተን በሬ ጣልን፣ ጠላ ጠመቅን፣ ቄስ ቢጠፋ የመንደሩን ጠንቋይ ፍትሐት አስደረስን፤ ነፍሲቱም ዕንባዋን ጠርጋ ሄደች። ሁለተኛዋንም እንዲሁ ሸኘናት። ባሕር ውስጥ ለሰጠመ የመርከብ አዛዥ እንኳ ተዝካር አወጣንለት። ነጂብ ወሬው ሲደርሰው፣ በዓለም ላይ ሙታንን አብልቶ የሚያሸንፍ ቡድን እናንተ ብቻ ናችሁ ብሎ ሳቀብን። ከዚያ ወዲህ ወልደሥላሴ ማንኛውንም ሙት ሲያመጣ ገና ከበሩ ላይ አርባውም ተዝካሩም ወጥቷል ብሎ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ በቀለች ልምጣ። ይህች ጎራዴዋን መዝዛ ሲኦል የምትገባ ሴት፣ በእውነቱ ዓለም መቃብር አጠገብ የሚያልፍ መንገድ ከያዝኩ ከረክሻዬ ዘላ ልትወርድ ይቃጣታል። መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ ብቻዋን ጓዳ አትገባም። ታዲያ ወልደሥላሴ ይህችን ሴት ይወዳታል። ሦስት ጊዜ አግቢኝ ብሏታል፤ ሦስቴም እምቢ አላለችም፣ እሺም አላለችም። ምክንያቷን ዴም ሁሉ ያውቀዋል። የምታድረው ከምግብ ቤቷ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ሲሆን የእጅ መታጠቢያው ከአልጋዋ ማዶ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በልቶ የጠገበ ሁሉ እጁን ሊታጠብ በአልጋዋ ግርጌ አልፏል። ታማ ተኝታ አልፏል፣ የእናቷን መርዶ ሰምታ ስታለቅስም አልፏል። ስለዚህ ለወልደሥላሴ የሰጠችው መልስ አንድ ነው።

«እኔ ብቻ የምከፍተው፣ እኔ ብቻ የምዘጋው በር አምጣልኝና አገባሃለሁ።»

እሱ ደግሞ ከሦስት ሰዎች ጋር አንዲት ክፍል ተጋርቶ ይኖራል። የሰውን ሺህ በር ቀብቶ የራሱ አንድ በር የለውም።

ከፋሲካ በኋላ ነጂብ ደወለለት። አጎቱ፣ የእናቱ የኒዕማ ወንድም ሚርጋኒ፣ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቤቱ ከእናቱ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ ተቀብቶ እንዲከራይ ይፈልጋል። ወልደሥላሴ አሥር ቀን ቀባው። ሁለት ክፍል፣ ሰፊ በረንዳ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ሱዳኖች ዚር የሚሉት የሸክላ ጋን አለ። በዚህ አገር ሰው ዚሩን ውሃ ሞልቶ ደጁ አጠገብ ያቆማል፤ የጠማው መንገደኛ ጎራ ብሎ ይጠጣል። ወልደሥላሴም ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲገባ ዚሩን ሞልቶ ያገኘዋል፤ እስከ ቀትር ሠርቶ፣ ጠጥቶ፣ ታጥቦ ይሄዳል። በመጨረሻው ቀን ነጂብን ስለ ውሃው አመሰገነው።

ነጂብ የምን ውሃ አለው። ከሥራ የሚመለሰው ከመሸ ነው፤ ቤቱን ከረገጠው ሁለት ወር አልፎታል፤ ቁልፉም ያለው በወልደሥላሴ እጅ ብቻ ነው። ከዚያ አንገቱን እያሻሸ ሊደብቀው የነበረውን ተናገረ። ቤቱን መስኩን ነው ይሉታል፤ ጂን አለበት ማለታቸው ነው። ሦስት ተከራይ ሊያይ መጥቶ ሦስቱም ይህን ሲሰሙ ሸሽተዋል። አንተ ካልፈራህ ግን ውሰደው፣ አቅምህ በቻለው ኪራይ አለው።

ወልደሥላሴ ይህን የነገረኝ ከጀብራ ይዤው ስመለስ ነው። ራሱ አልፈራም፤ አሥር ቀን ሙሉ ያጠጣኝን ሙት ለምን እፈራዋለሁ ነው ያለው። የፈራው ለበቀለች መንገሩን ነው። ጂን የሚለውን ቃል ስትሰማ በሩ የሷ ብቻ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? እኔ በግልጽ ንገራት አልኩት፤ የተደበቀ ነገር ውሎ ሲያድር ይገማል አልኩት። እሱ ግን የራሱን ዘዴ አስቦ ጨርሷል። ቤቱን ጨዋታው ውስጥ ሊያስገባው ነው። መጀመሪያ ጀምበሬ ትልመደው፣ ከዚያ በቀለች ትለምደዋለች አለ። ሞኝነት መሆኑን ባውቅም ዝም አልኩ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የኔም ነው።

ዓርብ ከምሳ በኋላ የምግብ ቤቱን መዝጊያ አጋማሽ ድረስ አውርደን ተቀመጥን። ወልደሥላሴ በበረሃ ዳር ስላለች አንዲት ከተማና በከተማዋ ስላለ ባዶ ቤት ጀመረ። ግድግዳው እስከ ወገብ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ ወዲያ ኖራ መሆኑን ነገረን። የበረንዳው ምሰሶ ሁለት ጊዜ መቀባቱን ነገረን። ስለ ቀለም ሩብ ሰዓት አወራ።

«ጋሼ ወልዴ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ቀለሙ ገባን» አለች ትንሣኤ። «ጂኑ ዌን ነው?»

ጂኑ የትም አይታይም፤ የሚታየው ዚሩ ነው አለ ዳኛው። ሰው በማይገባበት ግቢ ውስጥ ዚሩ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ብትደፉት በማግስቱ ሞልቶ ታገኙታላችሁ። የባለቤቱ ተዝካር ወጥቷል፣ አርባውም ሰማንያውም። እኔ ሌባ ነኝና የተደበቀ በር እፈልጋለሁ ብዬ ዳይሱን ወረወርኩ። ሃያ ወጣልኝ። ሃያ ማለት በዚህ ጨዋታ ንጉሥ ማለት ነው፤ ሃያ ላወጣ ሰው ምድር እንኳ የያዘችውን ትሰጣለች። ወልደሥላሴ ግን በር የለም አለኝ። እንዴት የለም? የለማ። ግድግዳውን እያንዳንዷን ስንዝር አውቀዋለሁ አለ። አኩርፌ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

ተራው የጀምበሬ ሆነ። በቀለች ዳይሱን መዳፏ ውስጥ ይዛ አልወረወረችም። ውሃውን የሚጠጣው ማነው ብላ ጠየቀች። መንገደኛው ነው ተባለች። ሙቱስ አይጠጣም? አይጠጣም። ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው ሙት አይደለም» አለች። «ሙት ይጠማል እንጂ አያጠጣም። ይህን ዚር የሚሞላ ሰው በሕይወት አለ። በእግሩ ነው የሚመጣው፤ የሚገባበትም በር አለ።»

ወልደሥላሴ ጨዋታ ላይ መሆኑን ረሳ። «ነጂብ ግን ማንም አይገባም ብሎኛል እኮ» አለ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የወልደሥላሴን ያወጣው ግን ብቅልም አልነበረ፣ በቀለች ናት። ነጂብ ከዚህ ቤት ምን አገናኘው ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ሁሉንም ከነዚሩ ተናዘዘ። እሷ ቁልፉን አየችው እንጂ አልነካችውም። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም።

«በር አምጣልኝ አልኩህ እንጂ አታለህ አስገባኝ አልኩህ?»

ከዚያ ሦስታችንንም አስወጣችን። እሱን ስላታለላት፣ እኔን እያወቅሁ ዝም ስላልኩ፣ ትንሣኤን ደግሞ የኔ ልጅ ስለሆነች።

ሳምንቱ መጥፎ ነበር። ወልደሥላሴ እንደ ልማዱ ሊበላ ይመጣል፤ ምግቡን በአስተናጋጇ ትልክለታለች እንጂ ራሷ አትወጣም። በልቶ እጁን ሊታጠብ እንኳ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ደጅ በጠርሙስ ውሃ ይታጠባል። በመጨረሻ ቁልፉን ለነጂብ ልመልስ፣ ወደ ጀብራ ውሰደኝ አለኝ። አንጀቴን በላኝ። ረክሻዋ ታማለች ብዬ ዋሸሁት፤ በማግስቱም ዋሸሁት። ቁልፉ ከተመለሰ ነገሩ እንዳከተመ አውቄያለሁ፤ በዚህ ዕድሜው ሌላ እንዲህ ያለ ቤት አያገኝም፣ አራተኛ ጊዜ አግቢኝ የሚል ፊትም የለውም።

ረቡዕ ዕለት በቀለች ራሷ ረክሻዬ ዘንድ መጣች።

«ቡክራ ከዓስር በፊት ጀብራ ታደርሰኛለህ» አለችኝ፤ ነገ፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት በፊት ማለቷ ነው። «ቁልፉን ተቀብለህ አምጣ፤ ለሱ ግን እንዳትነግረው። እሱ ቀትር ላይ ይሄዳል፣ ነጂብ ሲመሽ ይመለሳል፤ የሚሞላው በመካከሉ ነው። ማን እንደሚሞላው ሳላውቅ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ቁልፉን እኔው ለነጂብ አደርስልሃለሁ ብዬ ከወልደሥላሴ ተቀበልኩ። በአንድ ሳምንት ሦስተኛ ውሸቴ መሆኑ ነው፤ ንስሐ አባቴ ይቁጠሩት።

ጀብራ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ታቃጥላለች። በሩን ከፍቼ ሳስገባት የሸሚዜን እጅጌ ጨብጣ ነበር፤ ግቢውን እስክናቋርጥ አልለቀቀችኝም። ቤቱ በእርግጥ ያማረ ነው። ዚሩ ጋ ደርሳ ክዳኑን አነሣችና እጇን ከተተች፤ ሸክላው በሙቀቱ ሲያንጠባጥብ ውሎ ውሃው ከግማሽ በታች ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። አንዲት ቅጠል በወደቀች ቁጥር እጅጌዬ ይጨመደዳል። የዓስር አዛን ተሰማ፤ ሶላቱም ሊያልቅ የሚችልበት ጊዜ አለፈ። እኔ እንሂድ ልል ስል ከኒሙ ግንድ ጀርባ ብረት ሲንቋቋ ሰማን።

አጥሩ ላይ፣ እኔ የተለጠፈ ቆርቆሮ ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር ተከፈተ። በር ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ትንሽ የብረት በር፤ ሱዳኖች ናፋጅ ይሉታል። ጎረቤትና ጎረቤት፣ ወንድምና እህት፣ መንገድ ሳይዞሩ እንዲገናኙ በመካከላቸው አጥር ላይ ይከፍቱታል። በአረንጓዴ ቀለም አዲስ ተቀብቷል። ማን እንደቀባው ማንም አይነግረኝም! ግድግዳውን እያንዳንዷን ስንዝር አውቀዋለሁ ያለው ሰው ሁለት እጅ ቀብቶት፣ በር መሆኑን ግን አላየውም። የወጣልኝ ሃያ እኮ ትክክል ነበር።

ከናፋጁ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ የለበሰች ሴት፣ በአንድ እጇ ማሰሮ፣ በሌላው የቶቧን ጫፍ ይዛ ጎንበስ ብላ ወጣች። የነጂብ እናት ኒዕማ ናት። ስታየን አልደነገጠችም። ማን እንደሆንን እንኳ ሳትጠይቅ፣ አፏ የለመደው ነገር ሆኖ፣ «ሰላሙ ዓለይኩም፤ ቤቱ መስኩን ነው» አለችን።

በቀለች እጅጌዬን ለቀቀች። ተነሥታ ሄደችና፣ በሃያ ዓመት የገበያ ዐረብኛዋ፣ ከባድ ነው ስጪኝ ብላ ማሰሮውን ተቀበለቻት። ሁለቱ አብረው ዚሩን ሞሉት። ከዚያ በቀለች ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀች፤ የወንድምሽ ሰደቃ ወጥቷል ወይ አለቻት፤ እዚህ ተዝካሩን ሰደቃ ነው የሚሉት። ኒዕማ ወጥቷል አለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ የጀብራ ሰው በልቷል።

«ታዲያ ምን ቀረው?» አለች በቀለች።

«እሱ ምንም አልቀረውም፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ» አለች ኒዕማ። «የቀረሁት እኔ ነኝ።»

የኒሙ ሥር ላይ ተቀመጠችና ነገረችን። ሚርጋኒ ይህን ዚር ሠላሳ ዓመት በየቀኑ ከዓስር በኋላ ሲሞላ ኖሯል፤ ሲጨርስ በናፋጁ ብቅ ብሎ እሷ ዘንድ ሻይ ይጠጣል። ከሞተ በኋላ ዚሩ ደርቆ ማየት አልቻለችም፤ የደረቀ ቀን በእርግጥ ሞተ ማለት ነው። ልጇ አበደች እንዳይላት እሱ ሥራ ሲውል ትመጣለች። ተከራይ ሲመጣ ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋታል፤ መስኩን ነው ትላለች። ጂን አለበት ብላ ግን አታውቅም። ቃሉ በዐረብኛ ሰው የሚኖርበትም ማለት ነው፣ መንፈስ የሰፈረበትም ማለት ነው። እሷ ያለችው ሰው አለበት፣ ሚርጋኒ አለበት ነበር፤ ሰሚው ሁሉ በመሰለው ተረጎመው፤ እሷም የሰዎቹ መሸሽ ስለጠቀማት ዝም አለች። እኛ ሐበሾች ደግሞ ዐረብኛን የተማርነው ከኪራይና ከፖሊስ ስለሆነ ከአንድ ቃል ሁለት ትርጉም ቢሰጡን የሚያስፈራውን ነው የምንወስደው።

እሷ ስታወራ እኔ ወደ ጥግ ዞር ብዬ ለወልደሥላሴ ደወልኩ። ከዚህ በላይ ምስጢር ሆዴ አይችልም፤ አሁኑኑ ና አልኩት።

ኒዕማ ዕንባዋን በቶቧ ጠረገች። ልጄ እውነቱን ነው፣ ቤት ሰው ይፈልጋል አለች። አንቺ ደግሞ ደግ ሴት ትመስያለሽ፤ ከገባችሁበት ናፋጁን አስዘጋዋለሁ፣ ቡክራ ግንበኛ አመጣለሁ፤ ተከራይ በሩ የራሱ ብቻ መሆን አለበት አለች።

በቀለች ሃያ ዓመት የተመኘችው ይኸው ሳትለምን እጇ ገባ። አዎ ማለት ብቻ ነው የቀራት። ናፋጁን አየችው፣ የግቢውን በር አየችው፣ ሴትዮዋን አየቻት።

«አይዘጋ» አለች። «በኔ ላይ ሃያ ዓመት ሰው ሁሉ ባዶ እጁን አልፏል። አንቺ ውሃ ይዘሽ ነው የምትገቢው። አንኳኪና ግቢ።»

«ሓድር» አለች ኒዕማ፤ እሺ ማለቷ ነው፤ ከዚያ ግን ማልቀሷን ማቆም አቃታት። እኔም ዛፉን የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ወልደሥላሴ በአውቶቡስ ተጋፍቶ፣ በላብ ርሶ፣ ቀለም የነካ ሸሚዙን እንደለበሰ ደረሰ። የግቢውን በር አልፎ አልገባም፤ ጥፋተኛ ነውና ደፉ ላይ ቆመ። በቀለች ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ተነሥታ ክፍሎቹን ተራ በተራ ዞረች፤ መብራቱን አበራች፣ አጠፋች፣ መስኮቱን ከፈተች። በረንዳው ላይ ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«የመኝታ ቤታችን ቀለም አላማረኝም» አለች። «እንደገና ትቀባዋለህ።»

ወልደሥላሴ ቃሉ እስኪገባው ትንሽ ጊዜ ወሰደ። እኔ ገብቶኝ ሳለ፣ እሱ ገና ግድግዳው ምን ሆኖ ይሆን እያለ ያስባል። ከዚያ ዓይኑ ሞላ። ደፉን ተሻግሮ ገባ።

«ምን ዓይነት ቀለም?» አለ።

«አንተ የምትወደውን።»

ወልደሥላሴ እጆቹን ገልብጦ አየ። ከዴም እስከ ጀብራ ለሰው ሁሉ የሚወደውን ቀለም ሲቀባ ኖሯል፤ የኒዕማን ሳሎን ነጭ፣ የዶክተሮቹን ሰማያዊ፣ የሙሽሮቹን ሮዝ።

«አላውቀውም» አለ በመጨረሻ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆት አያውቅማ።